ቤተ ክርስቲያን ስለ ዘር ፍትሕ አደባባይ ስትቆም

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች ሦስቱ በአንድ ጉዳይ ዙሪያ ስለሚሽከረከሩ አብረን እናስተናግዳቸዋለን። በመልሶቹ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፤ እኔ በምኖርበት ሰፈር ያለ የአንድ አሜሪካውያን ቤተ ክርስቲያን ምእመናን በየሳምንቱ፣ ሰው ከሥራ በሚወጣበት ሰዓት፣ መንገድ ዳር ቆመው ስለ ጥቁሮች መብት የሚናገር ጽሑፍ ይይዛሉ። አብዛኞቹ ነጮችና በዕድሜ የገፉ ናቸው። እኔ የምገለገለው በአንድ የኢትዮጵያውያን ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ነው። እዚሁ የተወለደው ልጄ «እኛስ ለምን አንቆምም?» ብሎ ቢጠይቀኝ ጉዳዩን ለሽማግሌዎቻችን አቀረብኩ፤ «ይህ ፖለቲካ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ሥራ ወንጌል ነው» አሉኝ። ሽማግሌዎቹን አከብራለሁ፤ ልጄንም ያለ መልስ ማስቀረት አልፈልግም። እንዲህ ያለው አቋቋም ከየት የመጣ ነው? ለቤተ ክርስቲያንስ የተገባ ነው?
ወ. ተ.፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ ውድ እኅታችን፤ የሽማግሌዎቻችሁ ስጋት ከባዶ የመነጨ አይደለም። ፖለቲካ ገብቶባቸው ለሁለት የተከፈሉ፣ በአንድ ማዕድ የቆረቡ ሰዎች ሰላምታ የተነፋፈጉባቸው የኢትዮጵያውያን ጉባኤዎች በአሜሪካ ጥቂት አይደሉም፤ ይህን ያየ ሽማግሌ ቢጠነቀቅ አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ በመልሳቸው ውስጥ ያልተመረመረ አንድ ግምት አለ። የዘር ጉዳይ በውጭ ያለ፣ ቤተ ክርስቲያን ስትፈልግ በር ከፍታ የምታስገባው፣ ሳትፈልግ የምትዘጋበት ነገር ነው ብለው ያስባሉ። በአሜሪካ የሆነው ግን እንዲህ አይደለም፤ ጉዳዩ የተነሣው እዚያው ጸሎት ቤቱ ውስጥ፣ በመንበርከክና በመቀመጫ ላይ ነው።

በፊላደልፊያ ከተማ ቅዱስ ጊዮርጊስ በተባለው የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ የደረሰውን ነገር ከጥቁሮቹ ምእመናን አንዱ የነበረው ሪቻርድ አለን ራሱ ጽፎት አልፏል። ጥቁሮቹ ምእመናን በሰገነቱ ላይ ተንበርክከው ጸሎት እንደ ተጀመረ አንድ የቤተ ክርስቲያኑ ኃላፊ መጥቶ የአለንን ጓደኛ አብሳሎም ጆንስን ከተንበረከከበት እየጎተተ እዚህ መንበርከክ እንደማይፈቀድለት ነገረው። ጆንስ ጸሎቱ እስኪያበቃ እንዲታገሠው ለመነው። ሰውየው አልታገሠም፤ ይባስ ብሎ ሌላ ረዳት በምልክት ጠራ። ጸሎቱ ሲያበቃ ጥቁሮቹ በአንድነት ተነሥተው ወጡ፤ አለንም በ1794 ቤቴል የተባለችውን ቤተ ክርስቲያን መሠረተ። እነዚህ ሰዎች ወንጌሉን ትተው ወደ ፖለቲካ አልሄዱም፤ እንዲያውም በጸሎት ላይ ነበሩ።

ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በኒው ዮርክ ተመሳሳይ ነገር ሆነ። በ1808 በከተማው የመጀመሪያው ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ያመልኩ የነበሩ ጥቁሮች በዘራቸው ምክንያት ተለይተው እንዲቀመጡ መደረጋቸውን አንቀበልም ብለው ወጡ፤ ቶማስ ፖል በተባለ የቦስተን ጥቁር ሰባኪ ርዳታም የራሳቸውን ቤተ ክርስቲያን አቋቋሙ። ስሟን አቢሲኒያን ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን አሏት። (ስለ ስሙ ከዚህ ቀጥሎ የቀረበውን የአዲስ አበባ አንባቢያችንን ጥያቄ ይመልከቱ።) ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረው የዚህች ቤተ ክርስቲያን ታሪክ እኔ ከማቀርበው ክርክር ይልቅ ለጥያቄዎ የተሻለ መልስ ስለሚሰጥ በእርሷ ላይ ጥቂት ብቆይ ይፍቀዱልኝ።

መጋቢ አዳም ክሌይተን ፓወል፣ አባትየው፣ በ1908 ተሹመው ሲመጡ ቤተ ክርስቲያኗ በማንሃተን 40ኛው ጎዳና ላይ ነበረች። በ1917 የበጋ ወራት በኢሊኖይ ግዛት በኢስት ሴንት ሉዊስ ከተማ ነጮች በጥቁር ነዋሪዎች ላይ ተነሥተው ብዙ ሰው ገደሉ፤ ቤቶችንም አቃጠሉ። ይህን በመቃወም ኒው ዮርክ ላይ የተደረገውን የዝምታ ሰልፍ ካስተባበሩት ሰዎች አንዱ አባትየው ፓወል ነበሩ። ጁላይ 28 ቀን ወደ አሥር ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ በፊፍዝ አቬኑ ወረደ። ከፊት ሕፃናት ነጭ ለብሰው፣ ቀጥሎ ሴቶች እንዲሁ ነጭ ለብሰው፣ ከኋላ ወንዶች ጥቁር ሱፍ ለብሰው ተሰለፉ። መፈክር የሚጮህ፣ መዝሙር የሚያነሣ አልነበረም፤ ድምፁ የታፈነ ከበሮ ብቻ ይመታ ነበር። አሜሪካ ዓለምን ለዴሞክራሲ የተመቸ ላደርግ ነው ብላ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ከገባች ገና ወራት መቆጠራቸው ነበርና ከተያዙት ጽሑፎች አንዱ «ክቡር ፕሬዚዳንት፣ አሜሪካንስ ለዴሞክራሲ የተመቸች ለምን አያደርጓትም?» ይል ነበር። እርስዎ በሰፈርዎ የሚያዩት፣ ጽሑፍ ይዞ ጸጥ ብሎ የመቆም ሥርዓት ከዚህ ዓይነቱ ሰልፍ ጋር ይዛመዳል።

በ1923 ቤተ ክርስቲያኗ ሃርለም በተባለው የኒው ዮርክ የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ በ138ኛው ጎዳና ወዳለው የአሁኑ ሕንፃዋ ገባች። በ1937 ደግሞ ልጅየው አዳም ክሌይተን ፓወል አባታቸውን ተክተው መጋቢ ሆኑ። ዘመኑ ሥራ የጠፋበት ነበር፤ በ125ኛው ጎዳና ያሉት ሱቆች ደንበኞቻቸው ጥቁሮች ሆነው ሳለ ጥቁር ሻጭ መቅጠር አይፈልጉም ነበር። ልጅየው ፓወል ከሌሎች መጋቢዎችና ማኅበራት ጋር ሆነው በየሱቁ ደጃፍ ሰው እያቆሙ ሕዝቡ ሥራ ከማይሰጡት ቦታ እንዳይገዛ ቀሰቀሱ። ከዚህ ሁሉ ግን ለእኔ ትልቁን ትምህርት የያዘው የአውቶቡሱ ጉዳይ ነው። ሃርለምን እያቋረጡ የሚያልፉት የግል አውቶቡስ ኩባንያዎች ጥቁሮችን በተሳፋሪነት ይቀበላሉ እንጂ በሾፌርነትና በመካኒክነት አይቀጥሩም ነበር። በማርች 1941 ሕዝቡ እንዳይሳፈር ጥሪ ተደረገ፤ ለአንድ ወር ያህል የሃርለም ሰው ወይ በእግሩ ሄደ፣ ወይ አምስት ሳንቲም ከፍሎ በምድር ውስጥ ባቡር ተጓዘ። በሚቀጥለው ወር ኩባንያዎቹ 100 ጥቁር ሾፌሮችንና 70 ጥቁር መካኒኮችን ለመቅጠር ተስማሙ። ዓለም የሚያውቀው የሞንትጎመሪ የአውቶቡስ አድማ የተደረገው ከዚህ 14 ዓመት በኋላ ነው።

የተጠየቀው ነገር በቁጥር የሚለካ እንደ ነበር ልብ ይበሉ። «ዘረኝነት ይቁም» ለሚል ጥያቄ አንድ ኩባንያ ያማረ መግለጫ አውጥቶ ሊያልፍ ይችላል፤ «ስንት ሾፌር ቀጠርክ?» ለሚለው ግን መግለጫ አይበቃውም። በእኔ አስተያየት ይህችን ቤተ ክርስቲያን ከብዙዎች የለያት አደባባይ መውጣቷ ብቻ ሳይሆን በወጣች ቁጥር ስሙ የታወቀ ባለጉዳይና የሚቆጠር ጥያቄ ይዛ መውጣቷ፣ መልስ እስኪመጣም አለመመለሷ ነው።

ልጅየው ፓወል በ1941 ለኒው ዮርክ ከተማ ምክር ቤት፣ በ1944 ደግሞ ለአሜሪካ ኮንግረስ ተመረጡ፤ መጋቢነታቸውን ግን አልተዉም። ጥቁሮች በልማድ እንዳይገቡ በተከለከለው የኮንግረስ ምግብ ቤት ራሳቸው ከመብላት አልፈው ከምርጫ ወረዳቸው የመጡ ጥቁር እንግዶችንም ይዘው ይገቡ ነበር። የበጀትና የትምህርት ሕግ ረቂቅ በቀረበ ቁጥር በዘር ለሚለይ ተቋም የፌዴራል ገንዘብ እንዳይሰጥ የሚከለክል ማሻሻያ ያስገቡ ነበርና የፓርቲያቸው ሰዎች ሳይቀሩ «ሕጉን ታስጥልብናለህ» እያሉ ይማረሩባቸው ነበር። ሐሳቡ ውሎ አድሮ የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ስድስተኛ ክፍል ሆነ። ዛሬ ልጅዎ የሚማርበት ትምህርት ቤት የመንግሥት ገንዘብ እየተቀበለ በዘሩ ሊያገልለው የማይችለው በዚህ ክፍል ምክንያት ነው።

የሽማግሌዎቻችሁን ስጋት የሚያጠናክር ምስክር ከተፈለገም ከዚሁ ታሪክ አይጠፋም። ልጅየው ፓወል ከምክር ቤት ስብሰባዎች በመቅረትና በሕዝብ ገንዘብ አጠቃቀም ተወቅሰዋል፤ በ1967 ኮንግረስ መቀመጫቸውን ነፍጓቸው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1969 ድርጊቱ ሕገ መንግሥቱን የተላለፈ ነው ብሎ ፈረደላቸው፤ በ1970 ግን የራሳቸው ወረዳ መራጮች ጣሉዋቸው። መጋቢውና ፖለቲከኛው አንድ ሰው ሲሆኑ የአንዱ ጥፋት በሌላው ስም መቆጠሩ አይቀርም። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ «መጋቢያችን ለምርጫ አይወዳደርም፤ መድረካችን ለፓርቲ አይሰጥም» ቢሉ ልክ ናቸው እላለሁ። «ፖሊስ ያለ በቂ ምክንያት የገደለው ሰው ጉዳይ አይመለከተንም» ወደሚል ሲያሰፉት ግን ከጥንቃቄ አልፎ ሌላ ነገር ይሆናል።

አቢሲኒያን ቤተ ክርስቲያን ከዚያ በኋላም ሥራዋን አላቆመችም። ከ1989 እስከ ዕረፍታቸው 2022 ድረስ መጋቢ የነበሩት ካልቪን በትስ በ1990 ምእመናኑን ይዘው ሃርለም ውስጥ የተሰቀሉትን የሲጋራና የመጠጥ ማስታወቂያ ሰሌዳዎች በቀለም ሮለር ነጭ ቀብተዋቸዋል፤ እንዲህ ያሉ ማስታወቂያዎች በጥቁሮች ሰፈር እየታጨቁ በሀብታም ነጮች ሰፈር የማይታዩት ለምንድን ነው የሚል ጥያቄ ነበር ያነሡት። ቤተ ክርስቲያኗ ያቋቋመችው የልማት ድርጅት መኖሪያ ቤቶችን ሠራ፤ በ125ኛው ጎዳና ትልቅ የምግብ መደብር እንዲከፈትና አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንዲቋቋም አደረገ። ይህም ያለ ወቀሳ አላለፈም። መጋቢ በትስ ከባለሥልጣናትና ከባለሀብቶች ጋር በጣም ተቀራርበዋል፣ የሃርለም ኪራይ ሲንር ድሆች ሲፈናቀሉ የልማቱ ተጠቃሚ ሌላ ሆኗል የሚሉ ተቺዎች ነበሩ፤ መደብሩም በኋላ ተዘግቷል። ሌላም አለ፤ በመቀመጫ መድልዎ ምክንያት የተመሠረተችው ይህች ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ ሴት ዋና መጋቢ መርጣ አታውቅም። ስለ ፍትሕ የሚናገር ቤት ራሱም መጠየቁ አይቀርም።

አሁን ወደ ነጮቹ ጎረቤቶችዎ ልምጣ። ጆርጅ ፍሎይድ በሜይ 2020 ሚኒያፖሊስ ውስጥ በፖሊስ ከተገደለ በኋላ ምእመናኖቻቸው በአብዛኛው ነጮች የሆኑ በርካታ ቤተ ክርስቲያናት በየሳምንቱ መንገድ ዳር መቆም ጀመሩ፤ ብዙዎቹ ከጥቂት ወራት በኋላ ተበትነዋል። ሌላው ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ፣ በብርድና በዝናብ፣ መኪና እየነፋባቸው የሚቆሙትን አዛውንት በንቀት ማየት አይገባም። ግን መቆሙ ብቻውን ሥራ የሠሩ ሊያስመስል ይችላልና በሌላው ቀን ምን እንደሚያደርጉ ይጠይቋቸው። በ1930 ዲትሪሽ ቦንሆፈር የተባለው ወጣት ጀርመናዊ የነገረ መለኮት ምሁር ለአንድ ዓመት ትምህርት ኒው ዮርክ መጥቶ ነበር። በጥቁር ተማሪ ጓደኛው በኩል አቢሲኒያን ቤተ ክርስቲያንን አወቀና እዚያው ሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናትን አስተማረ፤ አገሩ ሲመለስ የጥቁሮችን መንፈሳዊ መዝሙሮች የያዙ ሸክላዎችን ይዞ ሄደ፤ ናዚዎችን በመቃወሙም በኤፕሪል 1945 ተሰቀለ። ይህ ሰው መጀመሪያ ያደረገው ነገር በጥቁሮች መካከል መቀመጥና መስማት ነበር። ጎረቤቶችዎ በአካባቢያችሁ ካለ የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን ጋር እንዲህ ያለ ግንኙነት ካላቸው አቋቋማቸው ሥር አለው ማለት ነው።

«እኛስ?» ለሚለው የልጅዎ ጥያቄ ደግሞ መልሱ ከኢትዮጵያውያን ታሪክ ይገኛል። በኖቬምበር 1988 በኦሬገን ግዛት ፖርትላንድ ከተማ ሙሉጌታ ስራው የተባለ የ28 ዓመት ኢትዮጵያዊ በዘረኛ ወጣቶች ተደብድቦ ተገደለ። ገዳዮቹ ሐበሻ መሆኑን፣ ከጥቁር አሜሪካውያን የተለየ ታሪክ እንዳለው አልጠየቁትም። በፌብሩዋሪ 1999 በኒው ዮርክ ብሮንክስ አራት ፖሊሶች ምንም መሣሪያ ባልያዘው የጊኒ ስደተኛ በአማዱ ዲያሎ ላይ በገዛ ቤቱ ደጃፍ 41 ጥይት ተኮሱ። የጥቁር አሜሪካውያን መጋቢዎች የምዕራብ አፍሪካ ሙስሊም ስደተኛ ነው፣ አይመለከተንም አላሉም፤ በፖሊስ ዋና መሥሪያ ቤት ደጃፍ ለሳምንታት በተደረገው ተቃውሞ ውስጥ ገብተው አብረው ታሰሩ። ለአፍሪካና ለእስያ ሰዎች የአሜሪካን በር በሰፊው የከፈተው የ1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግም ቢሆን የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ በወጣ ማግሥት፣ በዚያው መንፈስ ነበር።

ለሽማግሌዎቹ ሌላ ደብዳቤ ከመጻፍዎ በፊት ከልጅዎ ጋር አንድ ቀን ሄደው ከጎረቤቶቹ አጠገብ ይቁሙ፤ የሚጠይቁት ነገር ምን እንደ ሆነ፣ ከማን እንደሚጠይቁ ይስሙ። ከዚያ በኋላ ለሽማግሌዎቹ «ሰልፍ እንውጣ» ከማለት ይልቅ በአካባቢያችሁ ያለ የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን መጋቢ አንድ እሑድ መጥተው እንዲሰብኩ እንዲጋበዙ ቢጠይቁ እምቢ ለማለት ይቸገራሉ ብዬ አስባለሁ።

ጥያቄ፦ በኒው ዮርክ ሃርለም በሚባለው ሰፈር በአገራችን የቀድሞ ስም የምትጠራ የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን እንዳለች፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም መስቀል እንደ ሰጧት አንብቤአለሁ። ኦርቶዶክስ ናት? ስሙን ከየት አመጡት? ለዘር እኩልነት የምታደርገው ትግልስ ከኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ?
መ. ገ.፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፤ ኦርቶዶክስ አይደለችም፤ ባፕቲስት፣ ማለትም ከፕሮቴስታንት ወገን ናት። ስለ ስሙ የቤተ ክርስቲያኗ ትውፊት እንዲህ ይላል፦ በ1808 የመቀመጫ መድልዎውን ተቃውመው ከወጡት መካከል ወደ ኒው ዮርክ ወደብ የመጡ ኢትዮጵያውያን የባሕር ነጋዴዎች ነበሩ፤ ስሙም የአገራቸው መታሰቢያ ነው። ትውፊቱን በትውፊትነቱ መያዝ ይበቃል። ከዚያ ባልተናነሰ ስሙን የሚያብራራው የዘመኑ ጥቁር ክርስቲያኖች ለአንድ ጥቅስ የነበራቸው ፍቅር ነው። «ኢትዮጵያ እጆችዋን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» የሚለው የዳዊት መዝሙር ባርነት ውስጥ ላሉ ሰዎች ስለ ራሳቸው የተነገረ ትንቢት ሆኖ ይሰማቸው ነበር፤ በነጮቹ ስብከት ውስጥ ጥቁር ሰው ለአገልጋይነት የተፈጠረ ሆኖ ሲቀርብ እነርሱ ግን በዚያው መጽሐፍ ውስጥ በክብር የተጠራ ጥቁር አገር አገኙ። ነገሩ በአሜሪካ ብቻ የቀረ አይደለም። በደቡብ አፍሪካ ማንጌና ሞኮኔ የተባለ የሜቶዲስት አገልጋይ በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ጥቁርና ነጭ አገልጋዮች ተለይተው መያዛቸውን በመቃወም ወጥቶ በ1892 ፕሪቶሪያ ላይ የመሠረታት ቤተ ክርስቲያን ስሟ «የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን» ነበር። በሁለቱም አህጉር ሰዎቹ ያኮረፉት ከሃይማኖቱ ጋር ሳይሆን በሃይማኖቱ ስም ከተሠራው የዘር አጥር ጋር ነው።

ግንኙነቱ ከስም አልፎ የታየው በጣሊያን ወረራ ጊዜ ነው። በ1935 ሙሶሊኒ ጦሩን ሲያዘጋጅ ሃርለም ፈጥኖ ተነሣ፤ አቢሲኒያን ቤተ ክርስቲያንም ለኢትዮጵያ መከላከያ የሚጠሩ ስብሰባዎች ከተደረጉባቸው ቦታዎች አንዷ ነበረች። በዚያው ዓመት በነሐሴ ጥቁሮችም ነጮችም ያሉበት በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ጦርነቱን በመቃወም በሃርለም ጎዳናዎች ተሰልፏል። ልንዘምት ብለው የተመዘገቡም ነበሩ፤ የአሜሪካ ሕግ ግን ዜጎች በሌላ አገር ጦር ውስጥ እንዳይመለመሉ ስለሚከለክል አብዛኞቹ ቀሩ። በ1936 ከሃርለም የተላኩ ሰዎች ለንደን ድረስ ሄደው በስደት ላይ ከነበሩት ንጉሠ ነገሥት ጋር ተገናኙ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና የተማሩትን ዶክተር መላኩ በያንን እንደራሴ አድርገው ላኩ። ዶክተር መላኩ በ1937 ኒው ዮርክ ላይ የዓለም አቀፍ ኢትዮጵያ ፌዴሬሽንን መሠረቱ። ከጥቁር አሜሪካዊት ባለቤታቸው ጋር እየዞሩ ሲሠሩ ቆይተው የአገራቸውን ነፃነት ሳያዩ በ1940 እዚያው አረፉ። ገንዘቡ የመጣው በአብዛኛው ራሳቸው ሥራ ካጡ፣ የወር ኪራይ ከቸገራቸው ሰዎች ኪስ ነበር፤ በዚያው ጊዜ 125ኛው ጎዳና ላይ ሻጭ ሆነው ለመቀጠር የሚታገሉትም እነዚሁ ሰዎች ነበሩ። ለእነርሱ የአዲስ አበባና የሃርለም ጉዳይ አንድ ነበር።

ንጉሠ ነገሥቱ በ1954 አሜሪካን ሲጎበኙ ወደ ቤተ ክርስቲያኗ ሄደው የኢትዮጵያ መስቀል አበረከቱ፤ ቅርጹ ዛሬም የቤተ ክርስቲያኗ መለያ ነው። በ2007 የኢትዮጵያ ሚሌኒየም ሲከበር መጋቢ በትስ ብዙ ምእመናን አስከትለው አገራችንን ጎብኝተዋል። እውነቱን ለመናገር ግን ዝምድናው የተመጣጠነ አይደለም፤ እነርሱ ስማችንን ሁለት መቶ ዓመት በደጃፋቸው ጽፈው ሲኖሩ ከእኛ መካከል ታሪካቸውን የሚያውቅ ጥቂት ነው። አሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ጥቁር አሜሪካውያንን በጅምላ ሲያሙ ስሰማ ይህን የ1935 ታሪክ ሳላስታውስ አላልፍም።

ጥያቄ፦ ቤተ ክርስቲያናችን ከጥቁር አሜሪካውያን ቤተ ክርስቲያናት ጋር ሆና በየወሩ ለዘር ፍትሕ በሚደረግ የጸሎት ሰልፍ ላይ ለመሳተፍ ወስናለች። እኔ ግሪን ካርድ ነው ያለኝ፤ ሌሎች ደግሞ የጥገኝነት ጉዳያቸው ገና አላለቀም። ችግር ያመጣብናል? ቤተ ክርስቲያኗስ ከግብር ነፃ መሆኗን ታጣለች?
አንድ አንባቢ፣ ከዳላስ፣ ቴክሳስ

መልስ፦ ከሁለተኛው ልጀምር። ከ1954 ጀምሮ በአሜሪካ የግብር ሕግ ውስጥ ያለው ድንጋጌ ከግብር ነፃ የሆነ ድርጅት ለአንድ የምርጫ ዕጩ እንዳይቀሰቅስ ወይም እንዳይቃወም ይከለክላል። ስለ ጉዳይ መናገር፣ ማለትም ዘረኝነትን፣ የፖሊስ ጭካኔን ወይም አድሎአዊ ሕግን መቃወም ክልክል አይደለም። በሰልፉ ላይ የዕጩ ስም ወይም የፓርቲ ምልክት ያለበት ጽሑፍ እንዳይያዝ አዘጋጆቹን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ስለ ራሳችሁ ሁኔታ፣ የሕገ መንግሥቱ የመጀመሪያ ማሻሻያ የሚሰጠው የመናገርና በሰላም የመሰብሰብ መብት ለዜጎች ብቻ ሳይሆን በአገሪቱ ለሚኖሩ ሰዎችም ይደርሳል። በተግባር ግን ዜጋ ላልሆነ ሰው አደጋው ከዜጋው ይበልጣል፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ሰልፍ ላይ በያዙት አቋም ምክንያት የማባረር እርምጃ የተጀመረባቸው ግሪን ካርድ ያላቸው ሰዎችም አሉ። ከሁሉ በላይ መታሰብ ያለበት እስር ነው። በጥቁሮች ቤተ ክርስቲያናት ልማድ አንዳንድ መጋቢዎች ሆን ብለው መንገድ ዘግተው ወይም አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠው ይታሰራሉ፤ ይህ ለእነርሱ ቅጣቱ በአብዛኛው ቀላል ሲሆን፣ የጥገኝነት ጉዳዩ ለተንጠለጠለ ሰው ግን በማመልከቻው ላይ የሚጠቀስ መዝገብ ይሆናል። ስለዚህ ጉዳያችሁ ያላለቀ ሁሉ ከመሄዳችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃችሁን አማክሩ። ልምድ ያላቸው አዘጋጆች ለመታሰር የተዘጋጁትን ከሌሎቹ አስቀድመው ይለያሉና እናንተ ከየትኛው ወገን እንደ ሆናችሁ በግልጽ ንገሯቸው። የሕዝብ በሆነው የእግረኛ መንገድ ላይ ቁሙ፤ መተላለፊያ አትዝጉ፤ ፖሊስ ተበተኑ ካለ ሳትከራከሩ ሂዱ። የሰልፉ ሰው ብዙ ከሆነ በብዙ ከተሞች ፈቃድ ስለሚያስፈልግ አዘጋጆቹ ፈቃዱን መያዛቸውን አረጋግጡ። ስልክ ሊወሰድ ወይም ሊጠፋ ስለሚችል የጠበቃችሁን ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ፤ መሄድ የማይመቻችሁ ደግሞ በዚያው ሰዓት በቤተ ክርስቲያን ተሰብስባችሁ መጸለይና ለሰልፈኞቹ ምግብና የሞቀ ሻይ ማዘጋጀት ትችላላችሁ።